የብልጭታው ጉልበት ከየት ይመጣል?

በ1887 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዶልፍ ሚተ እና ዮሐንስ ጌዲከ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን የማግኒዥየም ዱቄትን ከፖታሲየም ክሎሬት ጋር ቀላቅለው፣ በቅጽበት ቦግ ብሎ የሚጠፋ ብርሃን አስገኙ። ወሬው ኒውዮርክ በደረሰ ጊዜ ከተደሰቱት ሰዎች አንዱ ጃኮብ ሪስ የተባለ ጋዜጠኛ ነበር። ሪስ ፀሐይ በማይደርስባቸው ክፍሎች ታጭቀው የሚኖሩትን ድኾች ኑሮ ለሕዝብ ለማሳየት የሚሻ ሰው ነበረና፣ ዱቄቱ ሲፈልገው የኖረውን መሣሪያ ሰጠው። በመጀመሪያ ብልጭታውን እንደ ሽጉጥ ባለ መሣሪያ ይተኩስ ነበር። ነገር ግን በሌሊት ሽጉጥ ይዞ የሚገባን እንግዳ በሰላም የሚቀበል ቤት ባለመኖሩ፣ ኋላ ዱቄቱን በመጥበሻ ላይ ማንደድ ጀመረ። በዚህም ሳቢያ ሁለት ጊዜ ቤት፣ አንድ ጊዜም የገዛ ራሱን በእሳት እንዳያያዘ ራሱ ጽፎታል።

በ1929 በጀርመን የብልጭታ አምፖል ለገበያ ሲቀርብ እሳቱ በመስታወት ውስጥ ታሰረ። በዚህ ጊዜ የባትሪ ድንጋይ ከፎቶግራፍ አንሺው ቦርሳ ገባ፤ ሥራው ግን እንደ ክብሪት ማቀጣጠል ብቻ ነበር። ብርሃኑ የሚገኘው በአምፖሉ ውስጥ ከሚነደው ብረት እንጂ ከድንጋዩ አልነበረም። ይሁንና ድንጋዩ በደከመ ጊዜ አምፖሉ ሳይቀጣጠል ይቀርና ዳግም የማይገኘው ቅጽበት ያመልጣል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ የ22.5 ቮልት ትንሽ ባትሪ ኮንደንሰር እንዲሞላ ማድረግ ነበር። ባትሪው ቀስ እያለ ያጠራቀመውን ኮንደንሰሩ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ዛሬ በየፍላሹ ውስጥ ያለው አሠራር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሃሮልድ ኤጀርተን በ1930ዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያደረገው ይህንኑ በታላቅ መጠን ነው። በጋዝ በተሞላ የመስታወት ቱቦ ውስጥ የኮንደንሰርን ጉልበት በማፍሰስ፣ ሳይቃጠል ሺህ ጊዜ የሚበራ ብልጭታ አገኘ። በ1944 ከኖርማንዲ ወረራ ዋዜማ አውሮፕላኖች በሌሊት ምድሪቱን ፎቶግራፍ ያነሡት በእርሱ መሣሪያ ነበር። አውሮፕላን ከባድ ኮንደንሰር መሸከም ይችላል፤ የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ ግን ይህን አይችልም።

ከጦርነቱ በኋላ ባለሙያው ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ሁለቱም የሚያስመርሩ። አንደኛው እንደ መኪና ባትሪ በእርሳስና በአሲድ የተሠራውን ሣጥን በትከሻ አንግቶ መዞር ሲሆን፣ አሲዱ ፈሶ ስንት ኮት እንደበላ የሚያውቁት የዘመኑ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው የ510 ቮልት ደረቅ ባትሪ ነው። ይህ ፍላሹን በፍጥነት ይሞላል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ካለቀም ይጣላል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ትራንዚስተር ሲመጣ የጥቂት ድንጋዮችን 6 ቮልት ወደ 300 ቮልት ገደማ ከፍ ማድረግ ተቻለ። ፍላሽ ሲሞላ የሚሰማው ቀጭን ፉጨት ከዚያ ዘመን ጀምሮ የሙያው ድምፅ ሆኖ ቆየ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ወደ ድንጋዩ ዞረ፤ ብዙ ባለሙያ የተሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር የኒኬልና ካድሚየም ባትሪን የፈለሰፈው በ1899 ሲሆን፣ ፈሳሹ የማይወጣ ዝግ ዓይነቱ የተገኘው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ይህ ድንጋይ 1.2 ቮልት ብቻ ስላለው፣ 1.5 ቮልት ካለው አልካላይን ያነሰ መስሎ ይታያል። ፍላሹ ግን ቁጥሩን አይጠይቅም። 1000 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰር በ300 ቮልት ሲሞላ 45 ጁል ይይዛል። ይህን በ5 ሴኮንድ ለመሙላት 9 ዋት ያስፈልጋል፤ አራት ድንጋዮች በ6 ቮልት ቢሰጡት፣ በመንገድ የሚባክነው ሳይቆጠር፣ 1.5 አምፔር መሆኑ ነው። በአልካላይን ድንጋይ ውስጥ ለፍሰት ያለው ተቃውሞ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ብዙ ሲጠየቅ ቮልቱ ይወርዳል፣ ድንጋዩም ይሞቃል። ኒኬል ካድሚየም ግን ተቃውሞው አነስተኛ ነውና የተጠየቀውን ሳይንገራገር ይሰጣል። ሙሽራይቱ ቀለበት ስታጠልቅ የሚለየው ይኸው ነው፤ በሳጥን ላይ የተጻፈው ቁጥር አይደለም።

እርግጥ ነው፣ በ1970ዎቹ የተስፋፋው የታይሪስተር ፍላሽ ለሁሉም ድንጋይ እፎይታ ሰጥቷል። ቀድሞ አውቶማቲኩ ፍላሽ ብርሃኑ በበቃ ጊዜ የተረፈውን ጉልበት በከንቱ ያፈሰው ነበር፤ ታይሪስተሩ ግን መንገዱን ቆርጦ ትርፉን በኮንደንሰሩ ውስጥ ያስቀረዋል። በቅርብ የሚነሣ ፎቶግራፍ ከዚያ ወዲህ ጥቂት ብቻ ይወስዳል። (ድንጋዩ ከወጣም በኋላ በኮንደንሰሩ የቀረው ጉልበት ሰው ሊገድል እንደሚችል ፍላሽ ለመፍታት የሚደፍር ሁሉ ማወቅ አለበት።)

የኒኬልና ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ በ1990ዎቹ የካድሚየምን ቦታ ሲይዝ በመጠን አሸነፈ፤ በአንድ ነገር ግን አሳፈረ። ተሞልቶ ቢቀመጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳይሠራበት ይደክም ነበር። ዋዜማውን የሞላ ሰው ምንም አልጎደለበትም፤ ለድንገተኛ ጥሪ በቦርሳው ያኖረው ግን ተታልሏል። ሳንዮ በ2005 ያወጣው ኤነሉፕ ይህን ችግር ፈታ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም አብዛኛው ጉልበቱ በውስጡ ይገኛል። በመጠን ከሌሎቹ ቢያንስም ብዙ ባለሙያ እርሱን መምረጡ ትክክል ነበር። መርዛማው ካድሚየም ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት በ2006 በወጣው መመሪያ ከአብዛኞቹ ተንቀሳቃሽ ባትሪዎች ታግዷል።

አራት ድንጋይ በተርታ ሲሰካ ግን አንዱ ደካማ ከሆነ ሦስቱ ብርቱዎች ያንን ደካማ በተገላቢጦሽ ሞልተው ያበላሹታል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ድንጋዮቻቸውን በአራት በአራት ምልክት አድርገው አብረው ይሞላሉ፣ አብረው ይጠቀማሉ፣ አብረውም ያስወግዳሉ።

ከ2013 ወዲህ እንደ ጎዶክስ ያሉ ፋብሪካዎች በአንድ የሊቲየም ጥቅል የሚሠራ ፍላሽ ማውጣት ጀመሩ። ፍጥነቱ ከአራቱ ድንጋዮች የሚበልጥ፣ መሙያውም ቀላል ነው። ጥቅሉ ግን ለተሠራበት ፍላሽ ብቻ የተለካ በመሆኑ፣ በጉዞ ላይ ሲያልቅ ከመንገድ ዳር ሱቅ ገብቶ የሚገዛ ምትክ የለውም፤ አራቱን ትንንሽ ድንጋዮች ግን ባለሱቁ ከስኳሩና ከሻማው አጠገብ ደርድሯቸው ይገኛል።