የማሳቅ ሙያ ከሊማሊሞ አናት

በደባርቅና በዳባት ሰውን አስቆ እንጀራ መብላት ካሴትም ቴሌቪዥንም ሳይመጣ የነበረ ሙያ ነው። አንድ ሰው ማይክ ይዞ ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ ሲያስቅ አይተው «ይህ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው» የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ይቆጨኛል። ተወልጄ ያደግሁት ደባርቅ፣ ያስተማርኩት ዳባት ነው። በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት ጭውውት ሠርቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልናገር።

የእኛ አገር አዝማሪ ሰርግ ቤት ሲገባ ወዲያው አይዘፍንም። ከዳሱ ምሰሶ ሥር ተቀምጦ መሲንቆውን ይቃኛል፤ ጆሮው ክሩ ላይ፣ ዓይኑ ሰው ላይ ነው። ማን አዲስ ጋቢ ለብሷል? ማን ከማን ጋር ተኮራርፎ ራቅ ብሎ ተቀምጧል? ጠጅ የሚቀዳውን ልጅ ጠጋ ብሎ የሁለት ሦስት ሰው ስም ይጠይቃል። ሲነሣ የሚይዘውን ይዟል። ደግሞ ተመልካቹ ዝም ብሎ አይሰማም። አንዱ ከጥግ «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው እዚያው ደግሞ ማለት፣ ከራሱም መጨመር አለበት። ከዘገየ አለቀለት። የዛሬ ኮሜዲያን ከተመልካች መሀል ለሚጮህበት ሰው መልስ ሲያጣ ምን እንደሚሰማው አዝማሪ ያውቀዋል።

ልጅ ሆኜ ያየሁት አንድ ምሽት አለ። ደባርቅ ብርዷ አጥንት ይገባል። ወደ ሽሬ የሚጭኑ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሊማሊሞን በሌሊት ስለማይደፍሩት እኛ ዘንድ ያድሩ ነበር። እናቴ ጠላ ትሸጣለች። አንድ ሾፌር ፊቱን አጥቁሮ ከፋኖሱ ራቅ ብሎ ተቀምጧል፤ የገብስ ጠላው ሳይነካ ቀርቷል። አዝማሪው ስሙን ጠየቀው፤ ቀጥሎ የመኪናውን ስም። ከዚያ ጀመረ። በመጀመሪያ ጀግንነቱን አወደሰለት፤ ያን ሁሉ ገደል፣ ያን ሁሉ ጥምዝምዝ በአንድ እጁ እንደሚያወርደው። ሾፌሩ ቀና አለ። ያን ጊዜ አዞረበት፤ ሊማሊሞን እንዲህ የሚያዞር ሰው የገዛ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ፣ ሚስቱ ቆማ ስትጠብቀው፣ መሪው እንደሚጠፋው ነገረው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሾፌሩ ራሱ እንባው እስኪወርድ ስቆ ተነሣና የብር ኖት አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ። አወድሶ ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ መጣል፤ ሰውየውን ሳያዋርዱ መጣል። ከዚህ የበለጠ የኮሜዲ ትምህርት አላገኘሁም።

ሙያው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ኅዳር 1845 ዓ.ም. ደምቢያ ውስጥ ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹና ደጃዝማች ካሣ ሊዋጉ ሲሰለፉ፣ ጣፈጭ የሚባል የጎሹ አዝማሪ ካሣን በግጥም ሰደበው። በዚያ ዘመን የአዝማሪ ሥራው ይህ ነበር፤ የጌታውን ጦር ማበርታት፣ በጠላት ማሳቅ። ጎሹ ተሸንፎ ወደቀ። አዝማሪው ተማርኮ ካሣ ፊት ሲቀርብ «እንዴት ብለህ ሰደብኸኝ?» ተብሎ ተጠየቀ፤ እሱም አፉ ለሠራው ጥፋት ዱላ እንደሚገባው በግጥም በራሱ ላይ ፈረደ ይባላል። ምሕረት አላገኘም፤ በዱላ ተደብድቦ ሞተ። ካሣ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ የካቲት 1847 ዓ.ም. እዚሁ ስሜን፣ የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት ደረስጌ ማርያም፣ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። እኛ ስለ ንግሡ ልጆቻችንን እናስተምራለን፤ ስለ ጣፈጭ ግን ዝም እንላለን። ይህ ልክ አይመስለኝም።

ሊማሊሞን ጠርቦ መኪና ያስገባው ጣልያንም አዝማሪን አልወደደም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣልያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች ሕዝቡን ያሸብራሉ ተብለው እየተያዙ እንዲገደሉ ትእዛዝ ወጣ። መድፍና አውሮፕላን ያለው ጦር ባለ አንድ ክር መሲንቆ የያዘን ሰው ፈራ።

ቀልድ የአዝማሪ ብቻ አልነበረም። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና የአቋቋም ሊቅ ሆነው ሳለ በቤተ መንግሥትም በቤተ ክህነትም ቀልዳቸው ይፈራ ነበር። ዛሬም ማን እንደተናገረው ያልታወቀ ብልህ ቀልድ ሁሉ ለእሳቸው ይሰጣል።

እኔ ኪነት በገባሁበት ጊዜ ጭውውታችን በቅድሚያ ለካድሬ ይነበብ ነበር። በሰነፍ ሠራተኛና በቢሮክራት መቀለድ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ይሰረዛል። አዝማሪው ግን ወረቀት ስላልነበረው የሚሰረዝበት ነገር አልነበረም።

ከዚያ የካሴት ዘመን መጣ። መናኸሪያው አጠገብ ባሉት ሻይ ቤቶች የተስፋዬ ካሳን፣ የአለባቸው ተካንና የልመነህ ታደሰን፣ የደረጀ ኃይሌንና የሀብቴ ምትኩን ቀልዶች ካሴቱ እስኪበጠስ ሰምተናል። አለባቸው በኋላ በቴሌቪዥን «የአለቤ ሾው»ን ሲጀምር ያሳቃቸውን ሰዎች ለተቸገረ ወገን እጃቸውን እንዲዘረጉ አድርጓል። በመኪና አደጋ መሞቱ ሲሰማ ዳባት ውስጥ የራሱን ዘመድ ያጣ ያህል ያዘነ ሰው አይቻለሁ።

ለእኔ ግን የአዝማሪው እውነተኛ ልጅ ታማኝ በየነ ነው። ጎንደር ተወልዶ አድጎ በመድረክ ቀልድና በመድረክ መሪነት ስሙ ወጣ፤ መንግሥትን መተቸት ሲጀምር አገሩ ጠበበችው፤ በስደት 22 ዓመት ኖረ። የተመለሰው ነሐሴ 26 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። በፖለቲካው የሚስማማም የማይስማማም አለ፤ ይሁን። በቀልድ የጀመረ አንደበት ያን ያህል ዘመን ከአገር መለየትን ማስከፈሉን ግን ማንም ሊክድ አይችልም። ከጣፈጭ ጋር የሚያገናኘው ይህ ነው።

አሁን የእኛ አገር ሽማግሌ አዝማሪዎች እያለቁ ነው። የእነሱ ቀልድ እዚያው ተፈጥሮ እዚያው የሚቀር ስለሆነ ሰውየው ሲሞት አብሮት ይቀበራል። የደባርቅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ ሰርግ ዳስና ወደ ጠላ ቤት ላኳቸው፤ ድምፅም ምስልም ይቅረጹ፤ የገጠመውን ብቻ ሳይሆን «ተቀበል» ያለውንም ሰው ቃል ይያዙ። እናንተም ቤታችሁ የድሮ የቀልድ ካሴት ካላችሁ አትጣሉት፤ ስልክ ላይ አስገልብጡት።