ጨውና ስኳሩ ከማን ቤት ይምጣ?

የጤና ዐውደ ጥናት ዘግቦ የሚያውቅ ሁሉ ይህቺን ሐረግ ያውቃታል፦ «የእናቶች የግንዛቤ እጥረት»። ከመግለጫው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አንቀጽ አትጠፋም። ሕፃናት በተቅማጥ ይሞታሉ። ለምን? እናቶች ስለማያውቁ። መፍትሔው? ግንዛቤ ማስጨበጥ። ከዚያ ሻይ ቡና ይባላል፣ አበል ይፈረማል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።

ይህቺ ሐረግ ከአርባ ዓመት በፊት በአንድ ድሃ አገር በትልቁ ተፈትናለች። እናቶቹ እንዲያውቁ ተደረገ፤ ቤት ለቤት፣ አንድ በአንድ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ዛሬ የማወራችሁ። አገሩ ባንግላዴሽ ነው፤ ወሬው ግን ዞሮ ዞሮ እኛ ጓዳ ይገባል። (ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ መድኃኒቱ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን በአብዛኛው የሚሞተው ከሰውነቱ ወጥቶ በሚያልቀው ውኃና ጨው ነው። ውኃ ብቻ ብታጠጡት አንጀቱ በበቂ አይመጠውም። ጨውና ስኳር በልኩ ከተበጠበጡበት ግን ስኳሩ ጨውን፣ ጨውም ውኃን እየጎተተ ወደ ደም ያስገባል። አንጀት ታሞም ቢሆን ይህ መንገድ አይዘጋም። በ1968 ዳካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ወጣት አሜሪካውያን ሐኪሞች፣ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ፣ የኮሌራ ሕሙማን ይህንን ከጠጡ በደም ሥር የሚሰጣቸውን ፈሳሽ (እኛ በልማድ «ግሉኮስ» የምንለውን) 80 ከመቶ ያህል መቀነስ እንደሚቻል አሳዩ።

ሦስት ዓመት ቆይቶ የባንግላዴሽ የነፃነት ጦርነት 10 ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ ሕንድ አሰደደ። ቦንጋዎን በምትባል የድንበር ከተማ በስደተኞቹ መሀል ኮሌራ ገባ። የደም ሥር ፈሳሽ እያለቀ ሕመምተኛ መሬት ላይ ተኝቶ ይሞታል። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሕንዳዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ካልካታ ውስጥ ጨው፣ ሶዳና ግሉኮስ እየመዘኑ በከረጢት አሸጉ፤ ቦንጋዎን ላይ በበርሜል በጠበጡ፤ ኩባያውን ለአስታማሚ ቤተሰብ ሰጡ። ቀድሞ 30 ከመቶ ገደማ የነበረው ሞት ወደ 3.6 ከመቶ ወረደ። ልብ በሉ፤ የሚያጠጡት እናት፣ እኅት፣ አጎት ነበሩ። ሳይንሱ እዚህ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል። የቀረው ኑሮ ነው።

ያንን የቀረ ሥራ የያዘው ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት ነው። መሥራቹ ፋዝሌ ሃሳን አቤድ ሐኪም አልነበረም፤ ነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረ የሒሳብ ሰው ነው። በ1980 የጀመሩት ዘመቻ ዐሥር ዓመት ፈጅቶ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤት አንኳኳ። ገጠር ፓኬት አይደርስም፣ ማንኪያና ሚዛን የለም፣ ማንበብ የምትችል እናትም ጥቂት ናት። ስለዚህ መለኪያው እጅ ሆነ፦ በሦስት ጣት አንድ ቁንጥጫ ጨው፣ አንድ ጭብጥ «ጉር»፣ ግማሽ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውኃ። ጉር ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ነው። የተመረጠው የመንደሩ ሰው ጓዳ ውስጥ የሚገኘው እሱ ስለሆነ ነው።

ከሁሉ የገረመኝ የአስተማሪዎቹ አከፋፈል ነው። ከወር በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ ከተማሩት እናቶች የተወሰኑትን ይጠይቃል፣ ያስበጠብጣል፤ የበጠበጡትም ናሙና ላቦራቶሪ ይሄዳል። አስተማሪዋ የምትከፈለው እናትየዋ ባስታወሰችው ልክ ነው። (እኛ አገር ሥልጠና በዚህ ስሌት ይከፈል ቢባል ስንቱ አዳራሽ ጾሙን እንደሚያድር አስቡት።)

እናቶቹ ተማሩ። አብዛኞቹ በትክክል መበጥበጥ ቻሉ። የግንዛቤ ጉዳይ፣ በመግለጫ ቋንቋ፣ ተቀርፏል። ልጅ ሲታመም ግን የሚያጠጡት ጥቂት ሆነው ተገኙ።

አጥኚዎች ተመልሰው መንደር ገቡ። አንዱ ምክንያት ቋንቋ ነበር። የገጠሩ ሰው ተቅማጥን በአንድ ስም አይጠራም። ከእናት ጡት የሚመጣ አለ፣ ካልተስማማ ምግብ የሚመጣ አለ፣ ንፍጥ ያለው አለ፣ እንደ ውኃ የሚወርድ ብርቱው አለ። አስተማሪዎቹ የሚጠቀሙበት ቃል ለእናቶቹ የመጨረሻውን ብቻ ይነግራቸዋል። የተባሉትን በትክክል ሰምተው፣ ለዚያ ለብርቱው ብቻ አስቀመጡት። እኛም ዘንድ «ጥርስ ሊያበቅል ነው»፣ «ግግ ነው»፣ «ብርድ መትቶት ነው»፣ «ዓይን ነው» ሲባል እያንዳንዱ የየራሱ መድኃኒት እንዳለው ታውቃላችሁ።

ሌላው ምክንያት አስተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በሚያስተምሩት ነገር ከልብ አያምኑም ነበር። ዳካ ተወስደው ውሕዱ ሰው ሲያድን በዓይናቸው እንዲያዩ ተደረገ። ሦስተኛው ባሎች ናቸው። ሴቶች እምብዛም ገበያ በማይወጡበት አገር ጉሩን የሚገዛው፣ ሐኪም ይጠራ አይጠራ የሚለውን የሚወስነው ወንዱ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለእሷ ብቻ ተሰጥቷል። ብራክ ይህን ሲረዳ ወንዶቹን በየገበያውና በየመስጊዱ እየፈለገ ማስተማር ጀመረ። አጠቃቀሙ ከዚያ በኋላ ከፍ እያለ ሄደ።

ቆየት ብሎ ደግሞ ተመራማሪዎች የሩዝ ውሕድ አመጡ። የተቅማጡን መጠን ስለሚቀንስ ለኮሌራ ከስኳሩ የተሻለ ነው፤ ሩዝ ደግሞ በየቤቱ አለ። እናቶቹም ወደዱት። ሲሞከር ግን ከጉሩ ያነሰ ጥቅም ላይ ዋለ፤ ምክንያቱም መቀቀል አለበት። መቀቀል ማገዶ ነው፣ ማገዶ ጊዜ ነው፣ ተቀቅሎም በግማሽ ቀን ውስጥ ይበላሻል።

እዚህ ጋ ሒሳብ እንሥራ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል፤ እንዳያስመልሰውም በየአንድ ሁለት ደቂቃው በሻይ ማንኪያ። 100 ሚሊ ሊትር 20 የሻይ ማንኪያ ነው። ስለዚህ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ልጁ ጉልበቷ ላይ ነው። በቀን ስድስት ጊዜ ቢያስቀምጠው ከ2 እስከ 4 ሰዓት። ይህ ሁሉ የጀሪካኑ ውኃ ሳይቀዳ፣ እንጨቱ ሳይለቀም፣ ሌሎቹ ልጆች ሳይበሉ ነው። የቀን ሥራ የምትውል ከሆነች ደግሞ ያንን ቀን አትከፈልም። ውሕዱ ልጁን ከሞት ያድናል እንጂ ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም። ቀኗን የሰዋች እናት ማታ ላይ ልጁ አሁንም ሲያስቀምጠው ብታይና ከመድኃኒት ቤት «የሚያቆም» ክኒን ብትፈልግ አላዋቂ ናት? ለእኔ ነገ ሥራ መግባት ያለባት ሰው ናት።

ስኳሩስ? የቤት ውስጡ ልክ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። በደርግ ጊዜ ስኳር በቀበሌ በራሽን ይታደል ነበር። በቅርብ ዓመታትም በሸማቾች ሱቅ ሰልፍ አይተናል፤ ኪሎው ከመቶ ብር በላይ ሲሸጥም አይተናል። ቡና እንኳ በጨው የሚጠጣበት ቤት ስንት እንደሆነ ገጠር ያደገ ያውቃል። ሊትር የሚለካ ዕቃም የለም። (ሦስት የትንሹ ቢራ ጠርሙስ አንድ ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ቢራ የሚገባበት ቤት ከሆነ።) ግብፆች በ1980ዎቹ ብሔራዊ ዘመቻቸውን ሲጀምሩ ይህን አስበውበታል፦ በየቤቱ ያለው ብርጭቆ እንጂ የሊትር ዕቃ ስላልሆነ ፓኬቱን ለ200 ሚሊ ሊትር አሳነሱት።

ዕውቀት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ልጅ ሲያስቀምጠው «ሆዱ ይረፍ» ተብሎ መጠጥ ይቀነስበታል፣ ግግ ይወጣል፣ እንጥል ይቆረጣል፤ ይህ በግልጽ ሊነገር ይገባል። ግን ግግ አውጪዋ ጎረቤት ናት፣ ሌሊትም ትገኛለች። ጤና ኬላው የት ነው ያለው?

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን ርቀት ለማሳጠር ነበር የታሰበው፤ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞችም ገጠር ገብተዋል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩና ዚንኩ በጤና ኬላ ያለ ክፍያ ነው የሚሰጠው። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት ንጥረ ነገሩን ያገኙት 30 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ነፃ ነው፤ ግን የመንገዱን ሰዓት፣ የተዘጋ በርና «አልቋል» የሚለውን መልስ የሚከፍለው ማን ነው?

ባንግላዴሽ በእነዚያው ዓመታት ከሦስት አራተኛ በላይ ደርሳ ነበር። እዚያ ዛሬ ፓኬቱ በጥቂት ታካ በመንደር ሱቅ ይሸጣል፤ አባትየው ከሥራ ሲመለስ ከሳሙናው ጋር ገዝቶት ይገባል።