በካርድ ላይ ያልተጻፈ ሕመም

ዛሬ የምናወጋው ሐኪም ካርድ ላይ ስለሚጽፋት አንዲት መስመር ነው። ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም ታግሣችሁ አንብቡት፤ መጨረሻው ደመወዝና ሕግ ጋ ይደርሳል።

ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማን ብትዞሩ እጃቸው ከውሃና ከሳሙና የማይወጣ ሰዎች ታገኛላችሁ። ልብስ አጣቢዎች፣ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን የሚያጥቡ፣ ጸጉር ቤት የሚሠሩ። ወደ ሐይቁ ወረድ ካላችሁ ደግሞ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚበልቱ ወጣቶች አሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የዋለ ሰው በጣቶቹ ጎን፣ በመዳፉ፣ አንዳንዴም በእግሩ መርገጫ ላይ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ፍንጣቂዎች ሊወጡበት ይችላሉ። ክፉኛ ያሳክካሉ፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ይደርቃሉ፤ ቆዳው ይላጣል። ዳነ ሲሉት ይመለሳል። ይህ ውሃ የሚቋጥር የእጅና የእግር ችፌ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን ከእከክና ከጭርት ጋር ስለሚምታታ ሰው እጅ ለመጨበጥ ይሸሻል፤ ደንበኛም ይርቃል።

የበሽታው ስም ራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1873 ቲልበሪ ፎክስ የተባለ የለንደን የቆዳ ሐኪም ፍንጣቂዎቹ የታፈነ ላብ ናቸው ብሎ አሰበና “ዲስሃይድሮሲስ” አላቸው፤ የላብ መዛባት እንደማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆናታን ሀቺንሰን የእጅ ፍንጣቂ የሚል ትርጉም ያለው ሌላ የግሪክኛ ስም አወጣላቸውና ሁለቱ ተከራከሩ። ኋላ ቆዳው በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ውሃው የታፈነ ላብ እንዳልሆነ ታወቀ። የፎክስ ሐሳብ ወደቀ፤ ስሙ ግን ቀረ።

የቀረው ደግሞ መዝገብ ውስጥ ስለገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ፈረንሳዊው የስታቲስቲክስ ሰው ዣክ በርቲዮን ለሞት ምክንያቶች አንድ ዓለም አቀፍ ዝርዝር አዘጋጀ። በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ተረከበውና ለመጀመሪያ ጊዜ የማይገድሉ ሕመሞችም ተጨመሩበት። ይህ ባይሆን ኖሮ ሰው የማይገድለው ችፌ መቼም አይቆጠርም ነበር። በ1990 በጸደቀው አሥረኛው እትም ውሃ የሚቋጥረው ችፌ ኤል 30.1 የሚል ኮድ አለው፤ ስሙም ያው የፎክስ ስም ነው። በሳሙናና በኬሚካል መቆጣት የሚመጣው ኤል 24 ነው። በአለርጂ የሚመጣው ኤል 23፣ ጭርት ቢ 35፣ እከክ ቢ 86 ነው። “ምንነቱ ያልተገለጸ” የቆዳ ቁጣ ደግሞ ኤል 30.9 ይባላል።

እዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ የማይነሳ አንድ ተጨማሪ ኮድ አለ፤ ዋይ 96። ከሌላው ኮድ ጎን የሚጻፍ ሲሆን ትርጉሙ “ሕመሙ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው” ማለት ነው።

ስም መጻፍ ምን ይፈይዳል የሚል ካለ ከሲዳማ ወጣ ብሎ፣ ቢላቴን ተሻግሮ ወላይታን ይይ። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄዱ ገበሬዎች እግራቸው ያብጥ ነበር። ጎረቤት እርግማን ነው ይላል። ሌላው ትንኝ ከሚያመጣው ዝሆኔ ወይም ከሥጋ ደዌ ጋር ይደባልቀዋል። ብሪታንያዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲመረምር የአፈሩን ብናኝ በሕሙማኑ አካል ውስጥ አገኘና ለበሽታው “ፖዶኮኒዮሲስ” የሚል የራሱን ስም ሰጠው። መድኃኒቱ ሳይለወጥ፣ ጫማም ሳሙናም እያለ፣ የጎደለው ስሙ ነበር። ስም ካገኘ በኋላ ተቆጠረ። በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር መደበው፤ ኢትዮጵያም በብሔራዊ ዕቅዷ አካተተችው። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደያዘ ያወቅነው የእግሩ እብጠት በትክክለኛ ስሙ ስለተጻፈ ነው።

ወደ ታቦር እንመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ እውቅና ይሰጣል፤ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በዚህ ቢታመም የሕክምና ወጪና የጉዳት ክፍያ የሚያገኝበት መንገድ አለ። ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ካርዱ ላይ “የቆዳ በሽታ፣ ቅባት ተሰጥቷል” ብቻ ከተጻፈ ያች ሠራተኛ ምን ይዛ ትከራከራለች? አሠሪው “ከቤትሽ ያመጣሽው ነው” ቢላት ማን ይመሰክርላታል? ወርኃዊ ሪፖርቱም ከዚያው ካርድ የሚቀዳ ስለሆነ አገሪቱም ሕመሟን በስሙ አታውቀውም።

ሐኪሙን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። በር ላይ ረጅም ሰልፍ እያለበት ነው የሚጽፈው። የሚያስፈልገው ግን ድርሰት ሳይሆን አራት አምስት ነጥብ ነው፦ የትኛው እጅ፣ እግርስ ታይቷል ወይ? መቼ ጀመረ፣ ስንተኛ ጊዜው ነው? ለጭርት ተመርምሯል ወይ? (ጭርት ላይ የስቴሮይድ ቅባት ሲቀባ መልኩ ይደበቃልና።) የሰውየው ሥራ ምንድን ነው፣ እጁ ምን ይነካል? ዕረፍት ሲወጣ ይሻለዋል ወይ? የመጨረሻዋ ጥያቄ አንድ ደቂቃ አትፈጅም፤ ሕመሙን ከሥራው ጋር የምታገናኘው ግን እሷ ናት።

እኛም ድርሻ አለን። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ሥራችንን ሳንጠየቅ እንናገር፤ “ሥራዬንም ይጻፉልኝ” እንበል። ሲፈነዳና ሲያብጥ በስልካችን ፎቶ እናንሳው፤ ተራ ደርሶን ስንገባ ደርቆ ሊጠብቀን ይችላልና። አሠሪዎችም ጓንት ስጡ፤ ከካሳ ይረክሳል። ፎክስ ምክንያቱን ቢስትም ያየውን በመጻፉ ከ150 ዓመት በኋላም ስለዚያ ሕመም እንነጋገራለን። የታቦሯ ልብስ አጣቢም ቢያንስ ይህን ያህል ይገባታል።