የቬርሳይ ውል ለተሸነፈችው ጀርመን ፍትሐዊ ነበር ወይ?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። እስቲ ዛሬ የአንድ የሰላም ውል ነገር ከሥሩ እንይ። የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1914 ተነሥቶ በ1918 ቆመ። ጀርመን ተሸነፈች። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካና ሌሎችም አሸነፉ። የሰላሙ ውል በጁን 28 ቀን 1919 በፓሪስ አጠገብ፣ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ተፈረመ።

ውሉ ምን ይላል? ጀርመን በአውሮፓ ካላት መሬት ከመቶ 13 ያህሉን ትለቃለች። ቅኝ ግዛቶቿን በሙሉ ታጣለች። የምድር ጦሯ ከ100,000 ሰው አይበልጥም። ካሣም ትከፍላለች። ካሣ ማለት ላጠፉት ጥፋት የሚከፈል ገንዘብ ነው። በ1921 ልኩ 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ተባለ። ማርክ የጀርመን ገንዘብ ነበር።

ታዲያ ይኸ ፍትሕ ነው ወይስ በደል? እንደ ሽማግሌ ሆነን ሁለቱንም ወገን እንስማ።

በመጀመሪያ ፈረንሳይ። በእርሷና በቤልጂግ መሬት ላይ ብዙ ውጊያ ተደርጓል። መንደሮች ፈርሰዋል፤ እርሻው የምሽግ ጉድጓድ ሆኗል። የጀርመን ጦር ሲሸሽ የከሰል ማዕድኖቿን በውኃ አጥለቅልቆ ሄደ። ጀርመንም ስታሸንፍ አልራራችም። በ1871 ፈረንሳይን 5 ቢሊዮን ፍራንክ አስከፍላለች። በ1918 ደግሞ በብሬስት ሊቶቭስክ ውል ሩሲያን ዩክሬንንና ፖላንድን አስለቅቃታለች።

አሁን ደግሞ ጀርመን። መልእክተኞቿ በውይይቱ አልተቀመጡም። በሜይ 1919 ያለቀለት ጽሑፍ ተሰጣቸው። መልሳቸውን በጽሑፍ ብቻ አቀረቡ፤ የተለወጠላቸው ጥቂት ነው። አንፈርምም ቢሉ ጦርነቱ ይቀጥላል ተባሉ። ውጊያው ከቆመ በኋላም የባሕር በሯ ለወራት ተዘግቶ ስለ ቆየ ሕዝቡ ተርቦ ነበር። የውሉ 231ኛ አንቀጽም ለደረሰው ጥፋት ኃላፊነቱን በጀርመንና በወዳጆቿ ላይ ጣለ። ጦርነቱ ሲጀመር ንጉሠ ነገሥት የነበረው ዊልሄልም 2ኛ ግን ወደ ሆላንድ ሸሽቶ ነበር፤ ለፍርድ አልቀረበም። ዕዳው የወደቀው በሠራተኛውና በገበሬው ላይ ነው።

በ1923 ጀርመን የካሣውን ክፍያ አጓደለች። የፈረንሳይና የቤልጂግ ጦር ሩር የሚባለውን የከሰልና የብረት አገር ያዘ። የጀርመን መንግሥት ገንዘብ በላይ በላዩ አተመ። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመው ገንዘብ ዳቦ እንኳ የማይገዛ ወረቀት ሆነ።

ሂትለር ይህን ቁጣ ተጠቀመበት። ሥልጣን የያዘው ግን በውሉ ምክንያት ብቻ አይደለም። ከ1929 በኋላ የመጣው የኑሮ ችግርና ሥራ ማጣትም መንገዱን ጠርጎለታል። ካሣው በ1932 በተግባር ቆሞ ነበር። ሂትለር በ1933 ሥልጣን ያዘ፤ በ1939 ሌላ ጦርነት ጀመረ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ያፈረሰ ካሣ መክፈሉ ተገቢ ነው። አሠራሩ ግን ፍትሐዊ አልነበረም፤ ከሳሹ ራሱ ዳኛ ሆነ፤ ተከሳሹም በቅጡ አልተሰማም። በእኛ አገር ሽምግልና ሁለቱም ወገን ሳይሰማ እርቅ አይባልም። ቂም ያዘለ ሰው ፈርሞ ቢሄድም አልታረቀም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጽሑፉን ደግማችሁ አንብቡና ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት። ደኅና ሁኑ።