የኮንታክት ሌንስ ታሪክና ታሪኩ ያስተማረው ጥንቃቄ

መነጽር ከዓይን ፊት ይቆማል እንጂ ዓይንን አይነካም። ኮንታክት ሌንስ ግን ሕይወት ባለው አካል ላይ በቀጥታ የሚያርፍ በመሆኑ፣ ከሠሪውም ከተጠቃሚውም የሚጠይቀው ጥንቃቄ የተለየ ነው። የዓይን ሐኪሞች «ሳትለኩ አትግዙ፣ አድርጋችሁ አትተኙ፣ ከውሃ አርቁት» ሲሉ የሚሰጡት ምክር ለአንዳንዶች ከልክ ያለፈ ጥብቅነት ይመስላል። ሆኖም የመሣሪያውን ታሪክ የተመለከተ ሰው ምክሮቹ በብዙ ዓይኖች ጉዳት የተገኙ መሆናቸውን ይረዳል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አዶልፍ ፊክ የተባለው ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም በ1888 ዓ.ም. በዙሪክ ከተማ ሳለ ስለ አዲስ የመስተዋት ሌንስ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሌንሱን በመጀመሪያ በጥንቸሎች፣ ቀጥሎ በራሱ፣ በመጨረሻም በሕመምተኞች ዓይን ላይ ሞክሮት ነበር። በተከታዩ ዓመት በኪል ዩኒቨርሲቲ አውጉስት ሙለር የተባለ ተማሪ ለራሱ ደካማ ዓይን ተመሳሳይ ሌንስ ቢሠራም፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊታገሠው አልቻለም። እነዚህ ሌንሶች የዓይኑን ነጭ ክፍል ጭምር የሚሸፍኑ ትልልቅና ከባድ ነበሩ።

ይሁንና ችግሩ የክብደት ብቻ አልነበረም። ኮርኒያ የሚባለው ብርሃን አሳላፊ የዓይን የፊት ሽፋን የደም ሥር የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ብርሃንን አጥርቶ ባላሳለፈም ነበር። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን በአብዛኛው የሚያገኘው በእንባ ውስጥ ከሚሟሟው አየር ነው። ኮርኒያውን አየር በማያሳልፍ ነገር መክደን ትንፋሹን እንደ መከልከል ይቆጠራል፤ የታፈነ ኮርኒያም ያብጣል፣ እይታም ይደበዝዛል።

የካሊፎርኒያው የመነጽር ባለሙያ ኬቪን ቱዊ በ1948 ዓ.ም. ኮርኒያን ብቻ የሚሸፍን ትንሽ የፕላስቲክ ሌንስ ሠራ። ፕላስቲኩ ራሱ ኦክሲጅን አያሳልፍም ነበር፤ ነገር ግን ሌንሱ ትንሽ በመሆኑ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ይንቀሳቀሳል፣ ከሥሩም አዲስ እንባ ይገባል። ይህ አሠራር ሌንሱ ለተጠቃሚው ዓይን ክብነት ተለክቶ ካልተሠራ ከንቱ ነው፤ ከጠበቀ እንባውን ያግዳል፣ ከላላም ከቦታው ይንሸራተታል። ዛሬም ቢሆን የዓይን ልኬት ሳይደረግ ሌንስ መግዛት የማይገባው ከዚህ የተነሣ ነው።

ቀጣዩ እርምጃ የተገኘው በቼኮዝሎቫኪያ ነው። ኦቶ ቪክተርሌና ድራሆስላቭ ሊም የተባሉ ኬሚስቶች ውሃ የሚመጥ ለስላሳ ፕላስቲክ ፈጥረው ውጤቱን በ1960 ዓ.ም. አሳተሙ። ቪክተርሌ በ1961 ዓ.ም. በገና ሰሞን ከሕፃናት መጫወቻ ብረታ ብረትና ከብስክሌት ዲናሞ በቤቱ በገጣጠመው መሣሪያ፣ ፈሳሹን በሚሽከረከር ቅርጽ ውስጥ እያጠነከረ የመጀመሪያዎቹን ለስላሳ ሌንሶች ሠራ። በ1971 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለስላሳው ሌንስ እንዲሸጥ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የተጠቃሚው ቁጥር እጅግ በዛ።

ምቾቱ ግን መዘናጋትን አስከተለ። በ1981 ዓ.ም. ይኸው መሥሪያ ቤት አንዳንድ ሌንሶች ሳይወልቁ እስከ 30 ቀን እንዲቆዩ ፈቅዶ ነበር። በ1989 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ለስላሳ ሌንስን በቀን ብቻ ከሚጠቀሙ 10,000 ሰዎች መካከል በዓመት 4 ያህሉ የኮርኒያ ቁስል ሲይዛቸው፣ ለረጅም ጊዜ የሚደረገውን ከሚጠቀሙት መካከል ግን 21 ያህሉ እንደሚያዙ አመለከተ። ፈቃዱም በዚያው ዓመት ወደ 7 ቀን ዝቅ አለ። መሐንዲሶች ምክንያቱ የኦክሲጅን እጥረት ነው ብለው በማመን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኦክሲጅንን በብዛት የሚያሳልፍ የሲሊኮን ሌንስ ለገበያ አቀረቡ። የኮርኒያው መታፈን በእርግጥ ቀነሰ፤ ሌንስ አድርጎ መተኛት የሚያመጣው የቁስል አደጋ ግን አልጠፋም። በተከደነ ዓይን ውስጥ እንባ ስለማይታደስ፣ በሌንሱ ላይ የተጣበቁ ተሐዋስያን ሳይታጠቡ ያድራሉና።

የውሃውም ነገር እንደዚሁ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ፣ የጨው ክኒን በቤታቸው በውሃ እያሟሙ ሌንሳቸውን ያጥቡ የነበሩ ሰዎች አካንታሜባ በተባለ በውሃና በአፈር ውስጥ በሚኖር ረቂቅ ፍጥረት ተይዘው ዓይናቸው ክፉኛ ተጎዳ። ውሃው ለመጠጥ ንጹሕ መሆኑ ለሌንስ ማጠቢያ ብቁ አያደርገውም።

እንግዲህ ምርጫው ከዚህ ታሪክ ይመነጫል። ኮርኒያው ቅርጹን ለሳተ ሰው አየር የሚያሳልፈው ጠንካራ ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ እይታ ይሰጣል። የማጽዳቱን ሥራ በየቀኑ መፈጸም ለሚከብደው፣ በአንድ ቀን የሚጣለው ይበጃል። የትኛውም ቢመረጥ እጅ በሳሙና ታጥቦ መድረቅ፣ የማጠቢያው ፈሳሽ በየጊዜው መቀየር፣ ማታም ሌንሱ መውለቅ ይኖርበታል። ዓይን ከቀላ፣ ካመመ ወይም ብርሃን ከፈራ ሌንሱን አውልቆ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ቁሱ በመቶ ዓመት ውስጥ ከመስተዋት ወደ ሲሊኮን ተሸጋግሯል፤ ኮርኒያ ግን በፊክ ዘመን የነበረው ያው ኮርኒያ ነው።