የዕረፍት ቀን ከመሆኑ በፊት

ባለፈው ዓመት ከኅብረታችን አንዲት እህት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ሆቴል ውስጥ በማብሰል ሥራ ላይ ናት፤ ፈረቃዋ ብዙ ጊዜ እሑድ ላይ ይውላል። «ጋሼ፣ እኔ የጌታን ቀን እየሻርኩ ነው?» አለችኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «ሌላ ሥራ ፈልጊ» አልኳት። እናቷን የምታስተዳድረው እሷ መሆኗን አውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀረች።

ያን ቀን ልነግራት ይገባኝ የነበረውን ታሪክ ለእናንተ ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 የጢሮአዳ አማኞች በሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን፣ ጌታ በተነሣበት ቀን፣ እንጀራ ሊቆርሱ ተሰብስበው እናገኛቸዋለን። ጉባኤው የሌሊት ነበር። ጳውሎስ ንግግሩን ሲያስረዝም አውጤኪስ የተባለ ወጣት እንቅልፍ ጥሎት ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። ለምን በሌሊት እንደተሰበሰቡ መጽሐፉ አይነግረንም። ነገር ግን አይሁድ የሚያርፉት ቅዳሜ ነበር፤ በሮም ግዛት ደግሞ እሑድ እንደ ማንኛውም ቀን የሥራ ቀን ነበር።

በ112 ገደማ በዛሬዋ ቱርክ ሰሜናዊ ክፍል አገረ ገዥ የነበረው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን ደብዳቤ ጻፈ። ክርስቲያኖች በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩ፣ ከተበተኑም በኋላ ለማዕድ እንደገና እንደሚገናኙ ገለጸ። የቀኑን ስም ባይጠቅስም ብዙ የታሪክ ሊቃውንት እሑድ ነው ይላሉ።

በ155 አካባቢ ደግሞ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በሮም ከተማ ሆኖ የእሑዱን ጉባኤ በግልጽ ጻፈልን። ቃሉ ይነበባል፣ ይሰበካል፤ ይጸለያል፤ እንጀራው ይቆረሳል። ላልመጡት ዲያቆናት ድርሻቸውን ይወስዱላቸዋል። ከሚሰበሰበውም ገንዘብ ወላጅ አልባዎች፣ መበለቶች፣ ሕሙማንና እስረኞች ይረዳሉ።

በ304 በሰሜን አፍሪካ፣ በዛሬዋ ቱኒዚያ፣ የአቢቲና ምእመናን ተከልክለው ሳለ በመሰብሰባቸው ተይዘው በካርታጎ ለፍርድ ቀረቡ። ቤቱን ለጉባኤው የከፈተው ኤሜሪጦስ ለምን እንዳስገባቸው ሲጠየቅ ወንድሞቹ እንደሆኑ፣ ያለ ጌታ ቀን ጉባኤም መኖር እንደማይችሉ መለሰ።

ዕረፍቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማርች 7 ቀን 321 ቆስጠንጢኖስ ዳኞች፣ የከተማ ነዋሪዎችና የእጅ ባለሙያዎች በእሑድ እንዲያርፉ አወጀ። ገበሬዎች ግን የዘር ወቅት እንዳያልፍባቸው እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። አንዳንዶች እሑድን የፈጠረው ቆስጠንጢኖስ ነው ሲሉ ትሰሙ ይሆናል። እርሱ የጨመረው በሕግ የታወጀውን ዕረፍት ነው፤ አምልኮውስ ቀድሞም ነበር።

እንግዲህ እሑድ ሥራ የማትገቡ ወጣቶች፣ ያ ዕረፍት አባቶቻችን ሳያገኙት ያመለኩበት ስጦታ ነውና በእንቅልፍና በስልክ አታሳልፉት። ፈረቃ ያለባችሁ ደግሞ ከጌታ ቀን የተገለላችሁ አይምሰላችሁ። ዛሬም በብዙዎቹ የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች እሑድ የሥራ ቀን ስለሆነ በዚያ ካሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ዓርብ ይሰበሰባሉ። ቈላስይስ 2፥16 ስለ ሰንበት ማንም እንዳይፈርድባችሁ ይላል፤ ዕብራውያን 10፥25 ደግሞ መሰብሰባችንን እንዳንተው ያሳስበናል። ሁለቱን አብራችሁ ያዙ።

እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ የዮስጢኖስ ዲያቆናት ነገር ነው። የቀረውን ሰው አልወቀሱትም፤ ድርሻውን ይዘው ሄዱለት። እኔም ዘግይቼ ቢሆንም ወደዚያች እህት ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። አሁን ከፈረቃዋ በፊት ማለዳ ላይ ሦስት አራት ሆነን ቃሉን እናነባለን፣ እንጸልያለን።

ከእናንተስ ኅብረት በሥራ ምክንያት የቀረው ማን ነው? በዚህ ሳምንት ማን ይሄድለታል?