ተራ የሚገባው የሳይንስ ድግስ

የሳይንስ በዓል አንድ ጊዜ ማዘጋጀት ያን ያህል አይከብድም፤ የሚከብደው ሁለተኛውንና አሥረኛውን ማዘጋጀት ነው። በአንድ ለጋሽ ገንዘብ የተተከለ ድንኳን ለጋሹ ፊቱን ያዞረ ዕለት ይፈርሳል። እንዲህ ያለ በዓል በራሱ እግር መቆም ይችል እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1831 የተመሠረተው የብሪታንያ የሳይንስ ማራመጃ ማኅበር ታሪክ ብዙ ያስተምራል።

ቻርልስ ባቤጅ በ1830 ባሳተመው መጽሐፍ ሳይንስ በእንግሊዝ አገር እያሽቆለቆለ መምጣቱን አምርሮ ጽፎ ነበር። ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዴቪድ ብሩስተር በበኩሉ፣ ሎሬንዝ ኦከን በ1822 በላይፕዚግ የጀመረውን የጀርመን ተመራማሪዎች ተዘዋዋሪ ጉባኤ አብነት በማድረግ፣ ተመሳሳይ ስብሰባ በዮርክ እንዲጠራ አሳሰበ። ዮርክ ከለንደን ርቃ ብትገኝም የራሷ የዕውቀት ማኅበርና አዲስ ሙዚየም ነበራት። ደንቡን የነደፈው ዊልያም ቨርነን ሃርኮርት የተባለ ቄስ ሲሆን፣ በመስከረም ወር 1831 በተደረገው የመጀመሪያ ጉባኤ ላይ ከ300 በላይ ሰዎች ተገኙ።

የማኅበሩ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንደ ጽዋ ማኅበር በየዓመቱ ተራ ይገባል፦ በ1832 ኦክስፎርድ፣ በ1833 ካምብሪጅ፣ በ1834 ኤድንብራ፣ በ1835 ደብሊን። ተረኛዋ ከተማ አዳራሹንና መስተንግዶውን ታሰናዳ ነበር፤ አባላት መዋጮ ይከፍሉ፣ እንግዶችም ትኬት ይገዙ ነበር። በየዓመቱ አዲስ ከተማ ማለት አዲስ ከፋይ ማለት ነበር። የተረፈውም ገንዘብ ለምርምር ይውል ጀመር፤ በ1834 ለባሕር ማዕበል ሙላትና ጉድለት ጥናት 20 ፓውንድ ተሰጠ፤ በተከታዩ ዓመት የቅሪተ አካል ዓሣዎች ጥናት ተጨምሮ ድጋፉ 167 ፓውንድ ደረሰ። ዛሬ በአማርኛም የምንገለገልበት «ሳይንቲስት» የተሰኘው ቃል እንኳ ዊልያም ሂዩል በዚሁ ማኅበር ስብሰባ ላይ ከተነሣው ክርክር ጋር አያይዞ በ1834 በጽሑፍ ያወጣው ነው።

ይሁን እንጂ ራስን መቻል የራሱ ዋጋ ነበረው። ቻርልስ ዲክንስ በ1837 እና በ1838 ባወጣቸው የሹፈት ጽሑፎች የጉባኤውን ግብዣና ግርግር ተሳለቀበት። ሴቶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሳይንሳዊ ውይይቱ እንዲርቁ ተደርጎ ነበር፤ ኋላ ግን የእነርሱ ትኬት ከማኅበሩ የገቢ ምንጮች አንዱ ሆነ። የመግቢያው ክፍያ ለወዛደሩ የማይቀመስ ስለነበር፣ ለሠራተኞች የተለየ ትምህርታዊ ንግግር የተጀመረው ገና በ1867 በደንዲ ከተማ ነው። በሩን በክፍያ የጠበቀ በዓል ኪሱን ቢሞላም፣ ይበልጥ ሊያስተምረው የሚገባውን ሕዝብ ደጅ ላይ ሊያስቀር ይችላል።

ማኅበሩ በ1905 እስከ ደቡብ አፍሪካ ዘልቆ ተሰብስቧል፤ በ2009 ደግሞ ስሙን የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ብሎ ለውጧል። በ1834 ጉባኤውን ያስተናገደችው ኤድንብራም በ1989 የራሷን የሳይንስ ፌስቲቫል መሥርታለች።

ለአካባቢያችን ከተሞች የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ድግሱን የሁሉም ተረኛ ማድረግ፣ ከብዙዎች ጥቂት ጥቂት ማዋጣት፣ ትርፉን ወደ ዕውቀት መመለስ፤ ከሁሉ በላይ ግን መክፈል ለማይችለው ወንበር ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። እንግሊዞች ይህን የመጨረሻውን ለመማር ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል፤ እኛ ግን ያን ያህል መጠበቅ አይገባንም።